በድጋፍ መልክ የሰጠነው አፈር

ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ገና ከመጀመሪያው ልታዝኑልኝ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ፣ ግማሽ ሳትደርሱ ስለምትጸጸቱ ከአሁኑ ተዉት።

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረ፣ ስሙን በማልጠራው የዘይት ፋብሪካ ውስጥ ኬሚስት ነበርኩ። ከኬሚስትነቱ በላይ «የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ» የሚል ማዕረግ ደርበውልኝ ነበር። ማዕረጉ የተሰጠኝ ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ ፈገግ ብሎ የሚያናግራቸው ሰው ስላስፈለገ ብቻ ነው። እኔ ግን ከልቤ ተደስቼ ነበር። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሁሉ አውርታልኛለች፤ በሰፈር ጸሎታችን ላይ ጌታ ከፍ ስላደረገኝ ተመስግኗል። ነጭ ጋዋን፣ የራሴ ጠረጴዛ፣ በር ላይ የተለጠፈ ስም ነበረኝ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ዘይት ትንሽ ልንገራችሁ። ድፍድፉ ዘይት ቀለሙ የጠቆረ ነው። የሚያነጣው እንደ ዱቄት የላመ ልዩ አፈር ነው። አፈሩ ከዘይቱ ጋር አብሮ ይሞቅና ቀለሙንና ጉድፉን መጥጦ ይወጣል። እናንተ ሱቅ ገብታችሁ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ «እንዴት ኩልል ያለ ነው» ስትሉ፣ ጉድፉን የተሸከመው አፈር ጥቁር ሆኖ፣ ዘይት ጠጥቶ፣ በፋብሪካው ጓሮ ተከምሯል ማለት ነው። ይህ አፈር ራቅ ወዳለ ቦታ ተወስዶ፣ በስሱ ተበትኖ፣ ውሃ ተረጭቶበት መቀበር አለበት። ተከምሮ ከተተወ ያለ ክብሪት ይነዳል። ውስጡ የቀረው ዘይት ከአየር ጋር ሲገናኝ ራሱን እያሞቀ ይሄዳል፤ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ እሳት ይሆናል። ይህን ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ። በታኅሣሥ ደግሞ የራሳችን ግቢ ውስጥ አንዱ ክምር ሲጨስ በዓይኔ አይቼ፣ ውሃ እንዲረጩበት ሠራተኞቹን ያዘዝኩት እኔው ነኝ።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዳኛቸው ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነበር። ጭሱን ሲያይ አፈሩ ከግቢ ይውጣ አለ። ወዴት እንደሚወጣ አልተናገረም። እኔም አልጠየቅሁም። ከአጥሩ ጀርባ ያለው ገደል ውስጥ መደፋት ተጀመረ።

ከገደሉ ማዶ አንዲት መንደር አለች። የመንደሩ ከብቶች ይግጡበት የነበረው ሜዳ በየተራ እየታጠረ ለፋብሪካና ለመጋዘን ሲሰጥ ከብቱ አነሰ፤ ከብቱ ሲያንስ እበቱ አነሰ፤ እበት ከሌለ ደግሞ ኩበት የለም። ሴቶቹ ብልሃት አያጡም። ጥቁሩ አፈር እንደሚነድ ሲያዩ፣ ከጥቂት እበት ጋር እየለወሱ ኩበት ይጠፈጥፉበት ጀመር። እሳቱ ደግሞ ኃይለኛ ነበር። በአህያ ጋሪ እየመጡ ይጭኑ ጀመር።

አቶ ዳኛቸው ይህን ሲሰማ ደስታውን አልቻለውም። በማግስቱ ባነር ተሰቀለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ፎቶ አንሺ መጣ። ንግግር ያደረግሁት እኔ ነኝ። አደ ጫልቱ የሚባሉ ባልቴት፣ መንደሩ ውስጥ ቃላቸው የሚሰማ ሴት፣ ከፊት ወንበር ተነሥተው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ጉዳት የለውም?»

«ምንም ጉዳት የለውም እማማ። አፈር እኮ ነው» አልኳቸው።

በዚያ ሳምንት በሪፖርቴ ላይ «ዝቃጩ ለአካባቢው ማኅበረሰብ በድጋፍ መልክ ተላልፏል» ብዬ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሩ በጣም አምሮኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የካቲት ገባ። የአዳማን የየካቲት ነፋስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አቧራውን ከዓይን ውስጥ ለማውጣት እንኳ ፋታ አይሰጥም። አንድ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አቶ ዳኛቸው ቢሮው አስጠራኝ። ከትናንት ወዲያ ማክሰኞ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የአደ ጫልቱ ቤት ከነማድ ቤቱ ተቃጥሎ ነበር። እሳቸው ገበያ ስለነበሩ ሰው አልሞተም። በረት ውስጥ የነበሩት ፍየሎቻቸው ግን አልተረፉም።

ጠረጴዛው ላይ የተተየበ ደብዳቤ ነበር። «እሳቱ የተነሣው በማድ ቤቱ ምድጃ ውስጥ ከቀረ ፍም መሆኑን እኛ የመንደሩ ነዋሪዎች እናረጋግጣለን» ይላል። ከግርጌው ለአሻራ የሚሆን ሰፊ ባዶ ቦታ ተትቷል። ለሴትዮዋ ቆርቆሮና ዘይት እንደምንሰጥ፣ እኔ ሄጄ በፍቅር እንዳነጋግራቸው ነገረኝ። ሰዎቹ የሚያምኑኝ እኔን ነው አለ። ከበሩ ልወጣ ስል መልሶ ጠራኝና የቀለም መርገጫውን አቀበለኝ።

«ይሄንን እንዳትረሺ» አለኝ። አልረሳሁትም።

ሾፌራችን ሽመልስ የወንጂ ልጅ ነው። አባቱ የሸንኮራ ሠራተኛ ነበር፤ ኦሮምኛ ከእኔ የተሻለ ይችላል። መንደሩ መግቢያ ላይ ስንደርስ መኪናውን ቀስ አደረገና ወደፊት አየ። ሴቶች መንገዱን ሞልተው ቆመዋል። ሁሉም ቀጭን ረጅም በትር ይዘዋል። ሲንቄ ነው። አንዲት ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው በትር ነው፤ ለመምታት አይያዝም። ሴቶች በደል ደርሶብናል ብለው ሲንቄያቸውን ይዘው ከወጡ ግን ያንን አልፎ የሚሄድ ወንድ የለም። መኪናውን በመሃላቸው አሳለፉን፤ ወዲያው አንዱን በትር ከፊታችን፣ ሌላውን ከኋላችን መሬት ላይ ተከሉት። ሽመልስ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ነቀለና ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠ።

«እነሱ ሳይሉ ከዚህ አንንቀሳቀስም» አለ። ለእኔ ሲል ቢዋሽልኝ ምናለ ብዬ ተናደድኩበት።

ወንዶቹ ከአንድ ግራር ሥር ተቀምጠዋል። ቀርቤ «አካም ቡልታን» አልኩ። አንድም የመለሰ የለም። አዳማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እዚህ አገር ሰላምታ ካልተመለሰልህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ፈገግታዬን አልቀነስኩም፤ ያንን ፈገግታ ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል።

ኦቦ ደቀባ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው የተናገሩት። አማርኛቸው ቀስ ያለና ጥርት ያለ ነው። አደ ጫልቱ ማክሰኞ ጎሕ ሳይቀድ ምድጃቸውን በአመድ አዳፍነው፣ ውሃ ደፍተውበት፣ በሩን ቆልፈው ወለንጪቲ ገበያ እንደሄዱ ነገሩኝ። ቀኑ ሲጋመስ ጭሱ የታየው ከምድጃው በኩል ሳይሆን ኩበቱ ከተከመረበት ጥግ ነው። ይህን ያዩ ሦስት ሰዎች አሉ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እሳት ከየት መጣ ብለው ጠየቁኝ።

ደብዳቤውን አውጥቼ አነበብኩላቸው። ሽማግሌው እየተረጎሙ ነበር፤ «ከቀረ ፍም» የሚለው ላይ ሲደርሱ መተርጎሙን ተዉት። እኔ ግን ቀጠልኩ። ነፋስ ፍም ሊያነሣ እንደሚችል፣ ሰው ሲቸኩል ምድጃ በደንብ እንደማያዳፍን አስረዳሁ። ሴትዮዋ እፊቴ ቆመው እያዩኝ፣ ቤታቸው የነደደው በራሳቸው ጥፋት ነው ማለቴ ነው እንግዲህ። አደ ጫልቱ አልተቆጡም። ነጠላቸው የጭስ ሽታ ነበረው።

ከሴቶቹ አንዷ በኦሮምኛ ተሳደበች። ሌላዋ ፎቶ ስትነሺ ያልሽውን ድገሚልን አለችኝ። ኦቦ ደቀባ ተነሡና እንከተላቸው ዘንድ አዘዙ። እናቶቻችን ኩበት የሚከምሩት እንዲህ ነበር፣ እኛም የምንከምረው እንዲሁ ነው፣ የተለወጠው አንቺ የሰጠሽን አፈር ብቻ ነው፣ ነይ እዪው አሉኝ።

የወሰዱኝ አጠገብ ወዳለው የሌንሴ ቤት ነው። ሌንሴ ከወለደች ዘጠኝ ቀኗ ነበር። አራስ ነፋስ እንዳይመታት በሩም መስኮቱም ተዘግቷል፤ ከግርግዳው ወዲያ ሕፃኑ ሲነጫነጭ ይሰማል። ከግርግዳው ወዲህ፣ በማድ ቤቱ በኩል፣ ኩበቱ ከመሬት እስከ ቆርቆሮው ድረስ ጥቅጥቅ ብሎ ተደርድሯል። ለአራስ ቤት ተብሎ ጎረቤት ሁሉ ያዋጣው ነው። የከረረ ዘይት ሽታ ሸተተኝ። ያንን ሽታ ከግቢያችን አውቀዋለሁ።

ምንም እንደሌለ ላሳያቸው ብዬ እጄን በሁለት ኩበት መሃል ሰደድኩ። እስከ አንጓዬ ገባ። ውስጡ ይፋጅ ነበር። ፀሐይ ላይ እንደዋለ ድንጋይ ሳይሆን፣ ከእሳት ላይ እንደወረደ ድስት ነው የፋጀኝ።

እጄን አወጣሁ። አሁን በደንብ ስሙኝ፤ ገጠመኜ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። ሰዓታት ይሁን ደቂቃዎች የቀሩት አላወቅሁም እንጂ እንደሚነድ አውቄያለሁ። ከግርግዳው ወዲያ ሕፃን አለ። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት ስለ ደብዳቤው ነው። አሁን ብናገር ደብዳቤው ይበላሻል ብዬ ነው ያሰብኩት። መጀመሪያ ላስፈርም፣ ከዚያ ሽመልስን ልልክና ኩበቱን በዘዴ ላስወጣው አልኩ ለራሴ። በዘዴ!

«ምንም የለውም» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ወጣሁም።

ከሌንሴ በር እስከ ግራሩ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ረጋ ብዬ ሄድኩት። ተቀመጥኩ፣ ወረቀቱን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ፣ የቀለሙን ክዳን ከፈትኩ። ቆርቆሮውን ጠቀስኩ፣ ዘይቱን ጠቀስኩ። ወንዶቹ እርስ በርስ ተጉረመረሙ። መቼም ቤት የሌለው ሰው ቆርቆሮ ሲባል ማሰቡ አይቀርም። አደ ጫልቱ መጥተው እፊቴ ተንበረከኩ። አውራ ጣታቸውን ዘረጉልኝ። ቀለሙ ላይ ላስቀምጠው በቀኝ እጄ ያዝኳቸው። ጣታቸው ቀዝቃዛ ነበር።

አልጎተቱትም። እንደያዝኳቸው እጄን ገልብጠው መዳፌን አዩት። ቀልቷል፤ ጥቁር ቅባት ይዟል።

«እጅሽ ለምን ይሞቃል?» አሉኝ።

እሳቸው ቀና ብለው ወደ ሌንሴ ቤት ተመለከቱ፤ ከዚያ እንደገና እኔን። ያ አስተያየት ነው አፌን የከፈተው። ንስሐ አልነበረም፤ መያዝ ነው።

«አራሷን አውጧት» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። «ቤቱ ሊነድ ነው። አራሷን አውጧት!»

ሴቶቹ ሲንቄያቸውን እንደያዙ ሮጡ። ሌንሴን ከነፍራሹ አንሥተው አወጧት፤ ሕፃኑን አደ ጫልቱ በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘዋል። እኔ ተከትዬ ማድ ቤት ገባሁ። ክምሩን ስንነካው መሃሉ መጨስ ጀመረ። አየር ሲያገኝ እንደሚብስበት አውቃለሁ፣ ግን ግርግዳው ሥር ልንተወው አይቻልም። ወደ ውጭ ወርውሩት አልኳቸው፤ በአካፋም፣ በቅርጫትም፣ በባዶ እጅም ወረወርነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስደርስ ያነሣሁትን ኩበት ቀይ ፍም ሆኖ አገኘሁት። በቀኝ እጄ ይዤው ነበር። ብለቀው ጭድ ላይ ስለሚወድቅ እስከ በሩ ተሸከምኩት። ይህን እንደ ጀግንነት አትቁጠሩልኝ፤ ጀግና ሴት ከሃያ እርምጃ በፊት ነበር የምትናገረው።

ቤቱ ተረፈ። ግርግዳው ጠቆረ እንጂ አልወደቀም። ሜዳው ላይ የተበተነው ኩበት ግን ማንም ሳይነካው፣ ክብሪት ሳይጫርበት፣ በነፋሱ እየተራገበ አንድ በአንድ ነደደ። መንደሩ በሙሉ ቆሞ አየው። ከዚያ በኋላ የእኔ ማብራሪያ አላስፈለገም።

አደ ጫልቱ ሕፃኑን ለእናቱ ሰጥተው ወደ እኔ መጡ።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ያን ቀን ሲጠይቁኝም አውቅ ነበር።»

አንዷ ሴት ጫማዬ ላይ ተፋችብኝ። አንድ ጎልማሳ ዱላውን አንሥቶ ሲመጣ ኦቦ ደቀባ አልተነሡም፤ ሴቶቹ ናቸው ሲንቄያቸውን በመሃላችን ያስገቡት። አዝነውልኝ እንዳይመስላችሁ። አደ ጫልቱ በኦሮምኛ የተናገሩትን ሽመልስ ነው የተረጎመልኝ፦ «እጇ ነው የሚያውቀው። በየቤቱ ትግባ።»

ቀኝ እጄ ቆዳው ተልጦ ነበር፤ በሻርፔ ጠቀለልኩትና በግራዬ ጀመርኩ። ቤት ለቤት ዞርኩ። በእያንዳንዱ ደጃፍ ሴቶቹ መንገድ ይለቁልኛል፣ እገባለሁ፣ እጄን ክምሩ ውስጥ እሰዳለሁ፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ቀዝቃዛ ነው፣ ከሞቀ ሞቋል እላለሁ። ማንም ውኃ ጠጪ አላለኝም። ቀዝቃዛውም ቢሆን ተጭኖ ወደ ሜዳ ወጣ። ሦስት ቤቶች ውስጥ ሙቀት አገኘሁ፤ በአንደኛው ቤት ከክምሩ ሥር ሁለት ልጆች ቁጭ ብለው ይጫወቱ ነበር። መሃል ላይ ስልኬ ጠራ። አቶ ዳኛቸው ነው።

«አስፈረምሽ?» አለኝ በዚያ ለስላሳ ድምፁ።

«እየተፈረመ ነው» አልኩትና ዘጋሁት።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወደ ግራሩ ተመለስን። ደብዳቤው አቧራ ለብሶ ከቀለም መርገጫው ጋር መሬት ላይ ቀርቷል። አደ ጫልቱ አነሡት፤ ገለበጡትና ባዶውን ጀርባ አሳዩኝ። የምታውቂውን ሁሉ ጻፊበት አሉኝ። በግራ እጄ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እየተንጋደድኩ ጻፍኩ፤ የታኅሣሡን ጭስ፣ ገደሉን፣ ባነሩን፣ የሰጠኋቸውን መልስ። ኦቦ ደቀባ ቃል በቃል አነበቡት። አንብበው ሲጨርሱ ልፈርም እስክሪብቶውን ወደ ግርጌው አወረድኩ። አደ ጫልቱ ከእጄ ነጠቁኝ።

«ፊርማማ ትክጃለሽ። ጣትሽን።»

ግራዬን ዘረጋሁ። ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። ሻርፑን ፈታሁትና የተቃጠለውን ቀኝ አውራ ጣቴን ቀለሙ ላይ ጫንኩ። ምን ያህል እንዳመመኝ አልነግራችሁም፤ መብት የለኝም። ወረቀቱ ላይ ሳሳርፈው መስመር የሌለው ጥቁር ክብ ነገር ወጣ። አደ ጫልቱ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ለኦቦ ደቀባ ሰጡ፤ ሴቶቹም በመኪናው ፊትና ኋላ የተተከሉትን በትሮች ነቀሉ። ሽመልስ ወደ ክሊኒክ ወሰደኝ።

በማግስቱ ከሥራ ተባረርኩ። ምክንያቱ «የድርጅቱን ምስጢር ማውጣት» ነው። ኦቦ ደቀባ ወረቀቱን ይዘው ከቢሮ ቢሮ ተንከራተቱ፤ ፋብሪካው ለጥቂት ጊዜ ቆሞ እንደገና ተከፈተ፤ ገደሉ ውስጥ መድፋት ግን ቀርቷል ሲሉ ሰምቻለሁ። የት እንደሚደፉት አላውቅም። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ፈተና ገጥሟት ነው አለች። ፈተና አልገጠመኝም፤ ፈተናው እኔ ነበርኩ። ከአንድ ዓመት በኋላ ወደዚያ መንደር ሄጄ አደ ጫልቱን በሩቁ አየኋቸው። ቆርቆሮ በሌለው ቤት ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ሰላም አልኳቸው፤ አልመለሱልኝም። ሊመልሱልኝም አይገባም።

አንባቢ ሆይ፣ ሰው ታሪኬን ሲሰማ ጥሩ ነው፣ በመጨረሻ ተናገርሽ ይለኛል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። እጄን ባይነኩት ኖሮ እናገር ነበር? አላውቅም። ይህን አለማወቄ ነው የለወጠኝ። ከዚያ ወዲህ በገዛ ራሴ ጥሩነት ላይ እምነት የለኝም፤ በእጄ ብቻ ነው የማምነው። እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁ ያማረ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ሁለት ጊዜ ያነበባችሁ እንደሆነ፣ የጻፋችሁበትን ነገር ሄዳችሁ በእጃችሁ ንኩት።

አሁን ሻሸመኔ ነው የምሠራው። መሥሪያ ቤታችን በር ላይ ጠዋት ስንገባ አሻራ የምንሰጥበት መሣሪያ አለ። ቀኝ አውራ ጣቴን ሳስቀምጥበት ቀይ መብራት ያበራል፤ አያውቀኝም። ጥበቃው በግራሽ ሞክሪ ይለኛል። በግራዬ መግባት እችል ነበር፤ ግን በየቀኑ መጀመሪያ ቀኙን ነው የማስቀምጠው። ቀዩ መብራት ይበራል፣ ጥበቃው ይስቃል፣ እኔ ትንሽ እቆማለሁ፣ ከዚያ እገባለሁ።